የማያልቀው ስልቻ

እሑድ፣ የካቲት 8

ይህ የኬሚስትሪ ደብተር ነበር። የተጻፈባቸውን ገጾች ገንጥዬ ለከሰል ማያያዣ አስቀመጥኳቸው፤ የቀረው የእኔ ነው። መጻፍ የጀመርኩት ጽናት ስለምትጽፍ ነው። እሷ የምታደርገው ለእኔም አይቅርብኝ።

ቅበላን ገጠር፣ ዘመሮ ቤታችን አሳልፈን ዛሬ ወደምንማርበት ወደ መሐል ሜዳ ተመለስን። እማዬ ስንቃችንን በአህያ ጭና እስከ መኪናው ድረስ ሸኘችን፤ አንድ ስልቻ በሶ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ድርቆሽ፣ ሽሮ በጣሳ። "ሁለት ሆዳሞች ናችሁ፤ ለደብረ ዘይት እንኳ አይደርስላችሁም" አለች። ከዚያ አዲሱን የበግ ፀጉር ባና አውጥታ ጽናትን ደረበችላት። እሷ ብርድ አትችልም ተባለ። እኔን ብርድ መቻል ማን እንዳስተማረኝ የጠየቀ የለም።

ጽናት የአክስቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከወንድሟ ከወንድምአገኝ ጋር እኛ ቤት መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሚቆረሰው ሁሉ ትልቁ ለእሷ ነው። እማዬ "የእህቴ አደራ ናት" ትላለች። እኔ የማን አደራ እንደሆንኩ እንጃ። ወንድምአገኝ ከሁለት ዓመት በፊት ዓረብ አገር ሄደ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ስለዚህ አሁን ስለ ጽናት ሲወራ ድምፅ ይቀነሳል።

ስሟ እንኳ ጽናት ነው። እኔ ጌታነሽ ነኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስሜ ግን ስልሳ ሞልቶታል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ጽናትን ውርጮቹ ወሰዷት።

ውርጮች የሚባሉት ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጀርባ የሚቆሙት ስድስት ልጆች ናቸው። አለቃቸው ኮከብ ናት፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ አባቷ በሥራ ተዛውሮ ከደብረ ብርሃን ያመጣት። ኮፍያ ያለው ጥቁር ሹራብ ይለብሳሉ። ፎቶ ላይ አይስቁም። ማተባቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ግራ እጃቸው ላይ አስረውታል። ቴሌግራም ላይ ቻናል አላቸው፤ የሚያሳዝን የሚያሳዝን ነገር ይጽፉበታል። ውርጭ ብሎ ስም! አባቴ ቢሰማ ያማትብ ነበር። ካቻምና ባቄላችንን በአንድ ሌሊት የፈጀው ማን ሆነና።

ዛሬ ጽናት ማተቧን እጇ ላይ አስራ መጣች። ጥቁሩ ሹራብ ሲያምርባት ደግሞ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

እኔም ሄድኩ። የለበስኩት የአባቴን ጥቁር ሹራብ ነው፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ኮከብ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አይስቁም የተባሉት ልጆች በእኔ ስም ሳቁ። ጽናት አልሳቀችም፤ መሬት መሬት አየች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ የካቲት 15

ሁዳዴ ከገባ ስድስት ቀን። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምጾመው፤ ከዚያ በላይ ራሴን ያዞረኛል። ጽናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብላ ጀምራ አሁን እስከ ማታ አድርሳዋለች። የተከራየንባቸው እትዬ ጥሩሸዋ ስድስት ሰዓት ላይ በደጃችን ሲያልፉ፣ በሶዬን ስበጠብጥ አዩኝና "አይ ጌታነሽ፣ ያቺን እህትሽን ብታያት ምን አለ" አሉኝ። ያዘኝ። ቀኑን ሙሉ ቅናት ያዘኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ሽሮ ሠርቼ ጠበቅኋት። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ኮከብ ቤት በልቻለሁ አለችኝ። ድስቱን ከድኜ ብቻዬን በላሁ። እነ ኮከብ ቤት ፍሪጅ አለ ይባላል፤ በየቀኑ አትክልትና ፓስታ ይሠራል ይባላል። የእኛ ሽሮ እንዴት ይጥማት?

ዓርብ፣ የካቲት 20

ዛሬም ኮከብ ቤት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ስለ አንድ አልጋ መጻፍ አለብኝ። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ በአንድ ባና ነው። እግሯ በረዶ ነው፤ ስትነካኝ ያስነሳኛል። ስትገላበጥ የማትታወቅ ሰው ነበረች፤ አሁን ዳሌዋ ይወጋኛል። ማበጠሪያዬን ደግሞ በፀጉሯ ሞላችው። የራስሽን ግዢ አልኳት። "እሺ" አለችኝ። ከእሷ ጋር መጣላት እንኳ አይቻልም፤ እሺ ትላለች።

ልብስ ስናጥብ እጅጌዋ ወደ ላይ ሲል ከማተቧ ሥር የተላላጠ ነገር አየሁ። ምንድን ነው አልኳት። ድመት ናት አለች።

እትዬ ጥሩሸዋ ድመት የላቸውም። የውርጮቹ ምልክት ይሆናል። ለእኔ እንዳታሳየኝ ነው ቶሎ እጅጌዋን የሳበችው።

ዓርብ፣ የካቲት 27

የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ወንድምአገኝ ለጽናት የላከላት ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ የውርጮቹን ቻናል ያየሁት በናኢማ ስልክ ነው። ናኢማ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት፤ አባቷ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። እሷም ጾም ላይ ናት፤ ረመዳንና ሁዳዴ ዘንድሮ ተገናኝተዋል። ሁለታችንም አፋችን ደርቆ ነው የምናወራው።

ጽናት የጻፈችው አንዲት መስመር ናት። "ዛሬም ማንም አልጠራኝም" ትላለች። ከሥሩ አንድ መቶ ሰባ ልብ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ መቶ ሰባ ሰው አናግሬ አላውቅም። ናኢማ ግን ልቡን አልቆጠረችም። መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችውና "ይቺ ልጅ ደኅና ናት?" አለችኝ። ሁሉም ስለ እሷ ነው የሚጠይቀኝ። ከእኔ በላይ ደኅና ናት አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 30

እትዬ ጥሩሸዋ ዛሬ ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማሁ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለች ጾመኛ አላየሁም፤ ፊቷ ሥዕል መስሏል፤ እግዜር የባረካት ልጅ አሉ። አብራት ያለችው ግን ሆዷን ትወዳለች ብለው ጨመሩ። አብራት ያለችው እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

አደረግሁት። በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ። እትዬ ጥሩሸዋ መብራት አጥፉ እያሉ ነው፤ በሻማ ልጨርሰው። ከሰዓት በኋላ ኮከብን ብቻዋን አገኘኋት። ጽናት ማታ ማታ ቤት ውስጥ እናንተን እየመሰለች ታሾፋለች አልኳት። ኮፍያ አጥልቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አንቺን ትሆናለች አልኩ። የእናንተን ሐዘን "የጥጋብ ሐዘን" ነው የምትለው አልኩ። ጽናት ይህን ብላ አታውቅም። ጽናት ሰው አምታ አታውቅም። ቃሉ ከራሴ ነው፤ በልቤ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር መሰለኝ እንዴት ፈጥኖ ወጣ!

 የኮከብ ፊት ልክ እንደ ሕፃን ሆነ።

ወደ ማታ ጽናትን ከቻናሉ አስወጧት። ስልኳን አየች፣ አልጋው ላይ ደፋችው፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሽሮ ልሥራልሽ ወይ አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም። ዛሬ ቤት ናት፤ አብረን እንበላለን ብዬ ነበር።

በልቻለሁ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ገበያ ነው፤ እማዬ መጣች። ተጨማሪ ስንቅ ይዛ መጥታ ስልቻውን ብትከፍተው ከግማሽ በላይ አለ። ደስታዋን ብታዩት። "ሴት ሆናችሁልኝ፤ ቆጥባችሁ መብላት አወቃችሁ" ብላ ሁለታችንንም ሳመችን፤ ያመጣችውን መልሳ ልትሸጥ ይዛው ሄደች። ጽናትን አገጯን ይዛ አየቻትና፣ ጾሙ አከሳሽ ግን መልክሽ የጻድቃን መልክ ሆነ አለቻት። ከስልቻው ያጎደልኩት እኔ ብቻ መሆኔን እማዬ አላወቀችም። እኔም አላልኩም። እንኳን ተመሰገንን።

ጽናትም ወጥታ ማታ መጣች። የት ነበርሽ? ኮከብ ቤት። በላሽ? በላሁ።

ሐሙስ ዕለት ያስወጧትን ልጅ ቅዳሜ ማን ጋብዟት ነው?

እሑድ፣ መጋቢት 6

ደብረ ዘይት። ከቅዳሴ መልስ ጠየቅኋት፤ ዛሬም ኮከብ ቤት ልትሄድ ነው።

ውሸቷን ነው። ውሸቷን መሆኑን የማውቀው ደግሞ በእኔ ውሸት ነው። አንቺ ከኮከብ ጋር ተጣልተሻል ብላት፣ በምን አወቅሽ ትለኛለች። በምን አወቅሁ እላለሁ? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም አልኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ናኢማ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍ። ጽናት በየቀኑ ከትምህርት በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ትቀመጣለች። ከደብረ ብርሃን ከሚገባው ሚኒባስ ሁሉ የሚወርደውን ሰው ታያለች። የመጨረሻው መኪና ሲገባ ተነሥታ ትሄዳለች። የናኢማ አባት ዓብዱረህማን ሱቃቸው ደጃፍ አስቀምጠው ውሃና ብስኩት ቢሰጧት፣ አመስግና መለሰችላቸው።

ማንን ነው የምትጠብቀው አለችኝ ናኢማ። የወንድምአገኝን ስም መናገር ከበደኝ። ጾም ላይ ናት አልኳት።

"እኔም ጾም ላይ ነኝ" አለችኝ ናኢማ። "ማታ ግን አፈጥራለሁ፤ ቴምሩ አፌ ሲገባ ነው ጾም መሆኑን የማውቀው። ያንቺ እህት መቼ ነው የምትፈታው?"



ዓርብ፣ መጋቢት 11

ዒድ ነው። ናኢማ ምግብ ላከችልኝ፤ የጾም ሠርታ፣ ለሁለት ሰው። ሳምቡሳውን ለጽናት ሰጠኋት። ያዘችው፣ አሸተተችው፣ ነገ እበላዋለሁ ብላ በወረቀት ጠቀለለችው።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ሳምቡሳው አልጋው ሥር ነው። ሻግቷል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ኮከብ እኛ ቤት መጣች። እኛ ቤት! እትዬ ጥሩሸዋ ሹራቧን አይተው አማተቡ። ጽናት የለችም፤ መናኸሪያ ናት። ኮከብ በር ላይ ቆማ፣ ይቅርታ ልላት ነው አለችኝ፤ ከቻናሉ ካስወጣኋት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም አለች። ከዚያ ዓይኗ ምድጃችን ላይ አረፈ።

"ለእሷ ምን ትሠሪላታለሽ? እኛ ጋ እኮ ምንም ቀምሳ አታውቅም" አለችኝ። "ብዪ ስትባል 'ጌታነሽ ሠርታ ትጠብቀኛለች፤ ጠግቤ ብሄድ ትቀየመኛለች' ትላለች። እኔ እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ሠርቶ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ቀናሁባት።"

በእሷ የቀናችው በእኔ ምክንያት ነው። ኮከብ። በእኔ ሽሮ።

በሬን ዘጋሁባት። ስልቻውን አወጣሁት፤ ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትኩት። በሶው አለ። ካለቀው ውስጥ የጽናት ድርሻ የለም። እኛ ቤት አልበላችም፤ ኮከብ ቤት አልበላችም። እኔ እዚያ ትበላለች ብዬ ቀናሁ፤ ኮከብ እዚህ ትበላለች ብላ ቀናች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ዛሬ ልናገር ነበር። አልቻልኩም። እማዬ ካወቀች፣ ለምን ዝም አልሽ ትለኛለች፤ ከዚያ ስለ ኮከብ የሠራሁት ይወጣል። ቅዳሜ እነግራለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

እማዬ ገበያ አልመጣችም። በጋችን ልትወልድ ስለሆነ ነው አሉ። ተመስገን አልኩ። ቀጥሎ ተመስገን በማለቴ ራሴን ጠላሁት።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ባናው የእኔ ሆነ! ጽናት ማታ አጣጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። "ውሰጂው ጌቱ፤ ድሮም ላንቺ ነበር የሚገባው" አለችኝ። እኔስ ብርድ ይዞኝ አያውቅም፣ አንቺስ ብላት፣ ለእኔ አያስፈልገኝም አለች። ስልኳንም ቻርጅ አድርጋ፣ ወንድምአገኝ ከደወለ አንቺ አንሺው ብላ ሰጠችኝ። ማበጠሪያ እንኳ ገዝታልኛለች።

በመጨረሻ ትልቁ ቁራሽ ለእኔ ደረሰ። ፊቷ ቀለል ብሎታል፤ ፈገግ ሁሉ አለች። እየተሻላት ነው መሰለኝ። የምነግረውም ላያስፈልግ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጤና ጣቢያ ነን።

ጠዋት ባናውን ለብሼ ክፍል ገባሁ። ናኢማ ነካካችው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ብርድ ለምን ይሰጣል አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት አያቴ ትዝ አሉኝ። አያቴ ሊሞቱ ሰሞን ካባቸውን ለአጎቴ፣ ዳዊታቸውን ለአባቴ፣ ከዘራቸውን ለጎረቤት ሰጡ፤ ከዚያ ፊታቸው ቀለል አለ፤ ፈገግ አሉ። እኛ ልጆቹ ተሻላቸው ብለን ጨፈርን።

መምህሩን ሳላስፈቅድ ወጣሁ። ናኢማ ተከተለችኝ። ቤት የለችም። መናኸሪያው ግድግዳ ሥር ነበረች፤ ተቀምጣ፤ ዓይኗ ክፍት ነው፤ ስጠራት አታየኝም። ዓብዱረህማን ባጃጅ ጠሩ። አቅፌ አነሣኋት። እኔ ጌታነሽ ብቻዬን አነሣኋት። ከእሷ የገብስ ነዶ ይከብዳል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

ነቅታለች። ክንዷ ላይ ግሉኮስ አለ። ነርሷ ሲስተር ሙስሊማ ትባላለች፤ ቆፍጠን ያለች ናት፤ የጽናትን እጅጌ ገለጥ አድርጋ ሁሉንም አየች። አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ ብላ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ብዬ አላውቅም ነበር፤ ስሙ ከተጠራ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። 

"መተኛት ነው የምፈልገው። የሚቀሰቅሰኝ እንዳይኖር" አለች ጽናት።

ሲስተር ሙስሊማ እጇን ያዘቻትና፣ ይህን ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ አለቻት። ወደ ውጭ ወስዳኝ ደግሞ ነገረችኝ፤ ሕመም ነው፤ ሐዘን ሲከማች እንዲህ ይሆናል፤ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነገ ያያታል፤ እስከዚያ ለአንድ ደቂቃ ብቻዋን እንዳትሆን። ሹራቡም ጓደኞቿም አይደሉም የበሏት፤ ማንም ሳያያት መቆየቷ ነው አለች። ማንም ያለችው እኔን ነው። እኔ ግን አይቻት ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከእሷ ሌላ ያየሁት ነገር የለም።

ዓርብ፣ መጋቢት 25

እማዬ መጣች። መጀመሪያ የሄደችው ቤት ነው፤ ልብስ ልታመጣ። ስልቻውን አገኘችው። ጽናትን ለናኢማ ትቼ ስደርስ መሬት ተቀምጣ፣ እጇን በሶው ውስጥ ከታ ነበር። "እኔ ነኝ ያመሰገንኳት" አለች። ደጋግማ እሱኑ ብቻ።

ከዚያ ጠበል እንውሰዳት አለች። ሲስተር ሙስሊማ አልተቃወመችም፤ ጠበሉም ይሁን፣ መድኃኒቷንና ቀጠሮዋን ሳትተው፣ ምግብ ሳትቀምስ ግን አትሄድም አለች። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትበላው። ጽናት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጾም ነው፤ ደግሞ ሕማማት ሊገባ ነው አለች። እማዬ ልትቆጣት ፈለገች፤ ሰውን ስለ ጾመ መቆጣት አልሆነላትም። ጽናት በሁላችንም ፊት በሩን በእግዚአብሔር ስም ቆለፈችብን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

ይህን በር የሚከፍት አንድ ሰው ነው ያለው። የንስሐ አባታችን አባ መርስዔ ኃዘን። ነገ ሆሳዕና ነው፤ ከዚያ በኋላ በሕማማት ሳምንት ንስሐ አይሰጥም። ሮጥኩ።

እንዲመጡ ብቻ ልለምናቸው ነበር የሄድኩት። ግን ከየት ልጀምር? ስለ ምግቡ ስናገር ስለ ኮከብ ወጣ፤ ስለ ኮከብ ስናገር ስለ ውሸቱ፤ ስለ ውሸቱ ስናገር ስለ ባናው፣ ስለ ስሟ፣ ስለ ትልቁ ቁራሽ። ቀንቼባት ነው አባ፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ቀንቼባት ነው አልኩ። አባ መሬቱን በመቋሚያቸው እየጫሩ ሰሙኝ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ መጡ። ጽናት ልትነሣላቸው ስትል በእጃቸው መለሷት።

"ልጄ፣ ጾም የታዘዘው ለጤነኛ ነው። አንቺ ታመሻል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ። ሐኪሟ ብዪ ያለችሽን ሁሉ ትበያለሽ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን" አሏት።

ጽናት አለቀሰች። ከመጣን ጀምሮ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። ቀኖናዬን ሰጡኝ። ስግደት መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ ብዪ አሉኝ። በሕማማት ጠዋት ስትበዪ ሰው ያማሻል፤ ቻይው፤ ያንቺ ስግደት እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 29

ቤት ነን። እማዬ አብራን ናት። ጽናት ባለሙያው ያዘዘላትን እንክብል ጀምራለች። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በሶ፣ በአንድ ጣሳ። አምስት ጉንጭ እሷ፣ አምስት እኔ። ለእኔ የጾም ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የተሻረው፤ ግን ማን ይሰማል? እትዬ ጥሩሸዋ በደጃችን አለፉ፤ ቆሙ፤ በሕማማት በጠዋት፣ ሁለታችሁም! አሉ። እማዬ ልታስረዳ ስትነሣ ቀሚሷን ያዝኳት። ቻይው ተብያለሁ።

ጽናት ስድስተኛ ጉንጭ ጠጣች። በእልህ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1

ጸሎተ ሐሙስ። ጉልባን ተቀቅሎ፣ ጽናት ባቄላውን አንድ በአንድ እየላጠች ትበላለች። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት። ኮከብ ደጅ ቆይታ ሄዳለች፤ ይቅርታ ጠይቃታለች፤ ቻናሉን ዘግታዋለች። እሷም ሲስተር ሙስሊማን ልታናግር ቀጠሮ አላት፤ ጽናት ናት የያዘችላት።

ነገርኳት። ለኮከብ ያልኩትን ቃል በቃል ለጽናት ነገርኳት። ጽናት የላጠችውን ባቄላ አስቀመጠች።

"አውቄ ነበር" አለችኝ። "ኮከብ ስታስወጣኝ ቃሉን ጽፋልኝ ነበር። የጥጋብ ሐዘን ማለት ያንቺ ነው፤ ኮከብ እንዲህ ያለ አማርኛ የላትም።"

ታዲያ አልተናደድሽም አልኳት።

"ገረመኝ። ጌቱ በእኔ ቀናች? ብዬ። የሚቀናበት ነገር አለኝ ማለት ነው ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ያህል።"

ከዚህ በላይ የሚያቃጥል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰው ከእኔ ክፋት ቀንጥቦ ስንቅ ያደርጋል? ባቄላ ላጥኩና ሰጠኋት። በላችው። ስለ ወንድምአገኝ ንገሪኝ አልኳት፤ እስኪመሽ ነገረችኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ስሙን የጠራላት ሰው አልነበረም፤ ሁላችን ድምፃችንን ቀንሰን ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 4

ፋሲካ። እማዬ ለጽናት ሁለት እንቁላል፣ ለእኔ አንድ። ቀናሁ እንዴ? ቀናሁ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጽናት ሳቀችና ግማሹን ሰጠችኝ። አልወሰድኩም፤ አንቺው ጨርሺው አልኳት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ደኅና ናት ብዬ አልጽፍም። ከቀጠሮ ስትመለስ ሁለት ቀን የማትናገርበት ጊዜ አለ። ማተቧ አሁንም እጇ ላይ ነው፤ እንደዚህ ይሻለኛል ትላለች፤ ከሥሩ ግን አዲስ ነገር የለም፤ ራሷ ታሳየኛለች። መናኸሪያ ስትሄድ አብሬያት እቀመጣለሁ። ወንድምአገኝ አልወረደም። ባናውን ሁለታችን እንለብሰዋለን፤ እግሯ ዛሬም ይቀዘቅዛል፤ አሁን ግን አልሸሸውም።

ዛሬ እማዬ ገበያ መጣች። ከፋሲካ ማግስት ስልቻውን እስከ አፉ ሞልታልን ነበር የሄደችው። በሩ ላይ ስታየው ተልፈስፍሶ ወድቋል። አነሣችው፤ ገለበጠችው፤ አራገፈችው። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ ቤት የሚፈታ ሆድ ነው ይዛችሁ የመጣችሁት፤ ምን ልታደርጉኝ ነው ብላ ተቆጣች። ጽናት አንገቷን ደፋች። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ።

"ምንም አልቀረም?" አለች እማዬ።

"ምንም" አለች ጽናት።

እማዬ ባዶውን ስልቻ እንደያዘች ቆመች። "ሆዳሞች" አለችንና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ያዘች።